በግራ በኩል የተኛው አፍሮ

[ሞጣ፣ 1965 ዓ.ም.፣ ጠዋት። መምህር ገላው በአጎቱ ልጅ በጓዴ ደጃፍ፣ በአንዲት አጭር የእንጨት ዕቃ ላይ ተቀምጦ ፀጉሩን በእጅ መስታወት ያያል። ጓዴ ገበሬ ነው፤ ጎፈሬው ክብ ብሎ ቆሟል።]

ጓዴ፦ ኧረ ተነሣላት!

ገላው፦ ለአንዲት ዱካ ነው እንዲህ የምትጮኸው? እንግዳ እንዲህ ይባላል?

ጓዴ፦ ዱካ አይደለችማ...

ገላው፦ በርጩማ በላት። ይልቅ እየኝ፤ በግራ በኩል አሁንም ተኝቷል?

ጓዴ፦ [ጎንበስ ብሎ እያየ] ድብን አድርጎ!

ገላው፦ ወይ ጉዴ! ፎቶ አንሺው ከቀትር በኋላ ወደ ቢቸና ሊሄድ ነው። ባንቺዓለም ምን ብላ እንደጻፈች ታውቃለህ?

ጓዴ፦ የደጀኗ ጤና ረዳት?

ገላው፦ አዎ። «አፍሮህን በፎቶ ሳላይ ለሽማግሌዎችህ እሺ አልልም» ነው የምትለኝ። እንዲህ ከብት የተኛበት ድርቆሽ መስዬ ልላክላት?

ጓዴ፦ ቅቤ ብትቀባው...

ገላው፦ ቅቤ! ፀሐይ ሲመታው ግንባሬ ላይ እየተንዠቀዠቀ ፎቶ ልነሣ? አፍሮ ሳይንስ አለው፣ ጓዴ።

ጓዴ፦ አፍሮ ማለት ጎፈሬ አይደል?

ገላው፦ ጎፈሬ ያንተ ነው። አፍሮ ከአሜሪካ የመጣ ነው።

ጓዴ፦ [ጎፈሬውን በሚዶ እያበጠረ] ታዲያ የአሜሪካው ለምን ይተኛል?

ገላው፦ የሞጣ ውሃ ነዋ! በሳሙና አጠብኩት፣ ቫዝሊን ቀባሁት፣ በሹካ ሳይቀር አበጠርኩት። ማታ ቆሞ ያመሻል፤ ጠዋት ስነሣ ተኝቷል። ባበጥረውም እምቢ አለኝ።

ጓዴ፦ በየትኛው ጎንህ ነው የምትተኛው?

ገላው፦ ስለ ፀጉር እያወራን ስለ እንቅልፍ ትጠይቀኛለህ? በግራዬ።

ጓዴ፦ በምን ላይ?

ገላው፦ በትራስ ነዋ! ከአዲስ አበባ ያመጣሁት፣ ጥጥ የተጠቀጠቀ። ሰው በምን ላይ ይተኛል?

ጓዴ፦ እህ። በል አሁን ተነሣላት።

ገላው፦ ደግሞ ጀመረህ! እግሯ ይሰበራል ብለህ ነው? ቆይ፣ ያንተስ ሳትማር እንዴት ቆመ?

ጓዴ፦ ቅቤው ያለሰልሰዋል፣ ሚዶው ያቆመዋል። ሌሊት የምትጠብቀው ግን እሷ ናት።

ገላው፦ ማን፣ ይርገዱ? ሚስትህ ሌሊቱን ሙሉ ራስህን ደግፋልህ ታድራለች?

ጓዴ፦ ይርገዱማ ታንኮራፋለች። የተቀመጥክባትን ነው የምልህ!

[ገላው ብድግ ይላል። ጓዴ ዕቃዋን መሬት ላይ አስተካክሎ ይጋደምና ማጅራቱን ያሳርፍባታል። ጎፈሬው ምንም ሳይነካው ክብ እንዳለ ነው።]

ገላው፦ ብርኩማ! አያታችን ይተኙባት የነበረችው!

ጓዴ፦ እሷው ናት።

ገላው፦ ወር ሙሉ እየመጣሁ ስቀመጥባት ለምን አልነገርከኝም?

ጓዴ፦ ተነሣ ባልኩህ ቁጥር ሳይንስ ትጀምራለህ።

ገላው፦ አፈርኩ፣ በእውነት አፈርኩ። የዛሬው ፎቶስ?

ጓዴ፦ ቀኝህን አዙርለት። ግራው ለሠርጉ ይደርሳል።

ገላው፦ በል እባክህ አውሰኝ፣ ወንድሜ።

ጓዴ፦ [ብርኩማዋን በጋቢው ደህና አድርጎ ጠርጎ እየሰጠው] ለመተኛት ከሆነ ውሰዳት። ለመቀመጥ ከሆነ ግን ደጁ ድንጋይ ሞልቶታል፣ መምህር።