ሙሉ ሱፍ ለብሶ የታመመ ሰው

እኛ ሰዎች ድህነታችንን በማመልከት ወደር የለንም። ማመልከቻ ጸሐፊ ፊት ስንቀመጥ ላም ያለው ላሟ ትሞትበታለች፤ ሦስት ልጅ ያለው ስምንት ያደርጋቸዋል። የታመመው አእምሮ ሲሆን ግን ነገሩ ይገለበጣል። ያኔ ዘመድ አዝማድ ተሰልፎ «ምንም አልሆነ፣ ትንሽ ድካም ነው» ይላል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለውን ተረት እኔ ራሴ ለስንቱ መክሬበታለሁ! ተረት መቼም ለጎረቤት የሚሰጥ ነገር ነው፤ ለራሱ የሚያስቀር ማን አለ?

ይህን ያነሳሁት የታናሽ ወንድሜን የመርዕድን ጉዳይ ላወጋችሁ ብዬ ነው። በፈረንጅ ሰማንያዎቹ አጋማሽ ላይ እኔና እሱ ሆላንድ አገር፣ ዴንሃግ ከተማ፣ ሙርዋይክ ሰፈር፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ አብረን እንኖር ነበር። እኔ ጠዋት ጠዋት ቢሮ አጸዳለሁ፤ የቀረውን ቀን መጽሐፍ ሳነብና ሰው ስታዘብ እውላለሁ። እሱ ሮተርዳም፣ አንድ ሆቴል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ይሠራል። አገር ቤት የሒሳብ አስተማሪ ነበር፤ እዚህ አንሶላ አጣፊ ሆነ። መራራ ነሽ ይሉኛል። ይህን እያየ ማን ማር ይሆናል?

አንድ ቀን ማጠቢያ መኪናዎቹ በስሙ ይጠሩት ጀመር። በኋላ ስድብ ጨመሩበት። ጆሮውን በጥጥ ደፍኖ፣ እስኪያቅተው ድረስ ሠራ። ከዚያ አልጋው ላይ ተቀመጠ፤ እዚያው ቀረ።

ዓመት ሲሞላው፣ በሕመም መሥራት ላቃተው ሰው የሚከፈለውን አበል፣ እዚህ «አውትኬሪንግ» የሚሉትን፣ ይገባው እንደሆነ የሚያጣራ ሐኪም ሮተርዳም ቀጠረው። ሐኪሙ «መሥራት ይችላል» ካለ መርዕድ ወደሚሰድቡት መኪናዎች ይመለሳል። ይህን በሚገባ አውቅ ነበር። ታዲያ ምን ያደረግሁ ይመስላችኋል? ጢሙን ላጨሁት። ጫማውን ወለወልኩ። ለሠርግ እንኳ ያላወጣውን ሙሉ ሱፍ ተኩሼ አለበስኩት። ጠጉሩን ጥጡ ላይ አበጥሬ ጆሮውን ሸፈንኩለት። ቅጹንም እኔው ሞላሁ። «ብቻውን ምግብ ያበስላል?» ይላል ቅጹ። ዓመት ሙሉ ሻይ እንኳ ያላፈላውን ሰው «አዎን፣ ጎበዝ ነው» አልኩለት። ወንድሜን «አይችልም» ብዬ በቀለም ልጻፍበት? እናታችን ከመቃብር ተነስታ እጄን አትመታኝም?

ባቡር ላይ ሦስት ጊዜ ወንበር ቀየርን። «እትዬ፣ ያ ሰውዬ ሐሳቤን እያነበበ ነው» አለኝ። የያዘውን ጋዜጣ ትቶ ያንተን ያነባል ወይ ስለው ሳቀ፤ ከስንት ወር በኋላ! ወዲያው ግን «ይህንን ለሐኪሙ እነግረዋለሁ» አለ። ወዮልህ፣ ሰው እንዴት በገዛ አፉ ራሱን ያዋርዳል ብዬ ክራቫቱን አጠበቅሁለት።

መጠበቂያው ክፍል ውስጥ ጢሙ የተንጨባረረ፣ ሹራቡ ክርኑ ላይ የተቀደደ፣ በብርድ ሰንደል ጫማ ያደረገ ሰውዬ ወዲያ ወዲህ ይላል። ይህስ የባሰበት ነው፣ አንተ ማረው ብዬ ጸለይኩለት። ሐኪሙ እሱ ኖሯል! መጥቶ መርዕድን በአክብሮት ጨበጠና «አስተርጓሚው እርስዎ ነዎት?» አለው። ለእኔ ወንበር ሳብ አድርጎ፣ እጅግ በሚያሳዝን ድምፅ፣ እንቅልፍ እንዴት ይዞኝ እንደሆነ ጠየቀኝ። ማን ማን እንደሆነ አስረድቼ እስክጨርስ ላብ አጠመቀኝ።

አስተርጓሚነቱን ያዝኩ። መርዕድ «ድምፆቹ አያስተኙኝም» አለ። እኔ በሆላንድኛ «በደንብ ይተኛል» አልኩ። «ሰው እፈራለሁ» አለ። «ጨዋ ነው» ብዬ ተረጎምኩ። ሐኪሙ ቅጹን አየ፣ ሱፉን አየ፣ ብዕሩን አነሳ። ከፊታችን ሰኞ ሥራ ቢጀምር ምን ይከለክለዋል አለኝ።

ያን ሁሉ የደከምኩት ወንድሜን በገዛ እጄ ወደ መኪናዎቹ ልመልሰው ኖሯል?

ይህን ጊዜ መርዕድ ክራቫቱን ፈታ። ከሁለቱም ጆሮው ጥጡን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ከዚያ አብራው አንሶላ ታጥፍ ከነበረች፣ ሆላንድኛ አፏን ከፈታችበት ሱሪናማዊት በተማረው፣ ከእኔ የመጽሐፍ ሆላንድኛ በሚበልጥ ንግግር፣ በእርጋታ አንድ በአንድ አስረዳ። መኪናዎቹ ምን እንደሚሉት፣ መቼ እንደሚሉት፣ እንደማይናገሩ እያወቀ ድምፃቸውን እንዴት እንደሚሰማ። ሱፉን ያለበስኩት እኔ እንደሆንኩ፣ ለብቻው ቢሆን ከበር እንደማይወጣም ነገረው። በመጨረሻም «እህቴ ትወደኛለች፤ ስለዚህ ትዋሻለች» አለ።

ስለ ጀግና ብዙ አንብቤያለሁ፤ በፈረስ ላይ ያለውን፣ በጦር ሜዳ ያለውን። ጥጡን ከጆሮው አውጥቶ ጠረጴዛ ላይ ያኖረውን ግን መጽሐፍ ውስጥ አላገኘሁትም። የሚፈራውን ድምፅ እየሰማ፣ ሌላ ሰው እንዲሰማው አደረገ።

ሐኪሙ ብዙ ጻፈ። ሲሸኘን ለእኔ አንዲት ወረቀት ሰጠኝ፤ የሕመምተኛ ቤተሰቦች የሚያናግሩት ባለሙያ አድራሻ ነበረባት። እኔ ምን ሆኜ ብዬ ቦርሳዬ ውስጥ ወሸቅኋት።

በወሩ ደብዳቤው መጣ። ተፈቅዷል። እልል ብዬ ሳልጨርስ መርዕድ ቦርሳዬን ከፍቶ ወረቀቷን አወጣ። በቀጠሮው ቀን፣ ያው ከበር የማይወጣው ወንድሜ፣ ጢሙን ሳይላጭ፣ እጄን ይዞ በትራም ወሰደኝ። ደረጃው ላይ «እትዬ፣ ሲጠይቁሽ ደህና ነኝ እንዳትዪ» አለኝ። ምን ነካህ፣ እብድ ነኝ እንዴ አልኩት።

ባለሙያዋ ገና «እንዴት ነዎት?» ስትለኝ ያ ሁሉ ሆላንድኛዬ ጠፋኝ። በአማርኛ ብቻ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ በጣም ደህና ነኝ» አልኩ።

መርዕድ ጉሮሮውን ጠረገና ተረጎመልኝ፤ «ዓመት ሙሉ እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም፤ ሰው አታምንም፤ ስትፈራ ልብስ ትተኩሳለች።»