ጭቃ የጎረሰው ጎማ

ከሽማግሌ የባሰ ግትር ፍጡር የለም። አለ ካላችሁኝም፣ እሱ ሞተር ሳይክል ያለው ሽማግሌ ነው! እኔው ራሴ ከነሱ አንዱ ስለሆንኩ ማንም አይቀየመኝ።

ዓመቱን አትጠይቁኝ፤ በትክክል አላስታውሰውም። አሮጌው ባቡር ቆሞ አዲሱ ገና ሳይመጣ ነው፤ ቀሪውን ደህና ጭንቅላት ያለው ይጨምርበት። ቤታችን ጅቡቲ ከተማ ዳር፣ ፔካ 12 የሚባል ሰፈር ነበር፤ የኢትዮጵያ ከባድ መኪኖች ከሚያልፉበት አስፋልት ገባ ብሎ። ሥራዬ የሀብታሞቹ ሰፈር ሀራሙስ፣ ለአንድ ቪላ አትክልተኛ። በየቀኑ በሞተር እመላለሳለሁ። መንገዱ ሁሉ አስፋልት ነው... ከቤቴ እስከ አስፋልቱ ካለችው ቁራጭ አፈር በቀር። እሷ ደግሞ ዝናብ ከነካት ሰው ትውጣለች።

የፊት ጎማዬ ተልጦ ተልጦ ሊሾ ሆነ። ካርቲየ 7 ቢስ ሰፈር ያለው ጎሚስታ፣ ጉሌድ፣ ሦስት ጎማ ደረደረልኝ። አንዱ የአስፋልት ነው፤ ጥርሱ ስስ። አንዱ የጭቃ፤ እንደ ኳስ ተጫዋች ታኬታ የገጠጠ። ሦስተኛው መካከለኛ።

«አዴር፣ መካከለኛውን ውሰድ፤ ለሁሉም ይሆናል» አለኝ። አዴር በሶማሊኛ አጎቴ ማለት ነው።

«ለሁሉም የሚሆን ለምንም አይሆንም። ጥርሳሙን ስጠኝ።»

«ጅቡቲ በዓመት ስንት ቀን ይዘንባል?»

«ሦስትም ይሁን አራት።»

«ታዲያ በነዚያ ቀናት ቤትህ ተኛ!... ደግሞ ጥርሳሙ ከላዩ ካለው ጭቃ መከላከያ፣ ከፓራፋንጎው ጋር ይጠጋል። ጣት እንኳ አያስገባም።»

«ጣቴን እዚያ ምን ላደርግ ነው የማስገባው?»

ከመጠምጠም መማር ይቅደም ያሉት አባቶቻችን ለካ እኔን አይተው ኖሯል! ጥርሳሙን አስገጥሜ ወጣሁ። አስፋልት ላይ እንደ ንብ ቀፎ ያጉረመርማል። መሪው እጄ ላይ ይንቀጠቀጣል። ሀራሙስ ስደርስ የጎማው ጥርስ እንዳለ ነው፤ የኔው ግን መነቃነቅ ጀመረ።

«ለአራት ቀን ዝናብ ዓመቱን ሙሉ ልትንቀጠቀጥ ነው?» አለች ባለቤቴ ማታ ቤት ስገባ።

«ሲዘንብ እንተያያለን።»

ዘነበ! ያውም የማኅበራችን ዋዜማ፣ ሐሙስ ማታ።

ስለ ማኅበራችን ትንሽ ልንገራችሁ። የማርያም ነው፤ ግን በ21 አንሰበሰብም። አባላቱ የሰው ቤት የሚሠሩና እዚያው የሚያድሩ እህቶቻችን ናቸው። በወር አንድ ዓርብ ብቻ፣ ያውም እስከ አስር ሰዓት ይለቀቃሉ። ስለዚህ እመቤታችን ዓርብን ትጠብቃለች። ዓርብ ደግሞ ጾም ነው! እንዲህ ሆኖ ዶሮ ወጥ ሸቶት የማያውቅ፣ ምስር ብቻ የሚያውቅ ማኅበር ሆነ። በዚያ ዓርብ ዳቦው የኛ ተራ ነበር። ዳቦው ካልደረሰ አባ አይባርኩም፤ አባ ካልባረኩ ሴቶቹ ወር የጠበቁትን ሳይቀምሱ ወደ ማዳሞቻቸው ይመለሳሉ።

በማግሥቱ ነጭ ነጠላዬን አጣፋሁ። ባለቤቴ ድፎውን በላስቲክ ጠቅልላ እንደ ሕፃን አዘለችው፤ የዳቦውን ቢላ በመቀነቷ ሻጠች፤ ከኋላዬ ተፈናጠጠች። ሻይ የሚጠጡ ሾፌሮች ከመንገዱ ዳር ቆመው ያያሉ።

«አባባ፣ በዚህ ጭቃ?» አለ አንዱ።

«ጎማውን እይ፣ ልጄ!» አልኩት።

ሃያ እርምጃ ያህል ሄድን። ከዚያ የፊት ጎማው ከበደው... ከበደው... ቀጥ አለ። ሞተሩ ይጮሃል፤ ጎማው አይዞርም። ከዚያ አሮጊትና ሽማግሌ፣ ያለ ምንም ጥድፊያ፣ በጎናችን ተኛን። ባለቤቴ በክርኗ ተመርኩዛ ዳቦውን አተረፈች። እኔን ያተረፈኝ የለም።

ሾፌሮቹ ሳቁን በሻይ ዋጡት።

«ነዳጅ ልስጠው፤ ይነሣል» አልኩ።

ባለቤቴ ጎንበስ ብላ አየችው። ጭቃው በጎማውና በፓራፋንጎው መሃል ገብቶ እንደ ሸክላ ተጠቅጥቋል።

«ጎማህ ጎርሶ ታንቋል። የታነቀ ሰው ሌላ ጉርሻ ይጨመርለታል?» ብላ ቢላዋን መዘዘች። መጀመሪያ ለኔ መስሎኝ ደንግጬ ነበር! በቢላው ጫፍ የፓራፋንጎውን ብሎኖች አንድ በአንድ ፈታች፤ ጭቃውን ጠራረገች፤ ፓራፋንጎውን ብብቷ ሥር አደረገች።

«ንዳ!»

«ጭቃው ፊቴ ላይ ይረጫል እኮ።»

«ፊትህ ይታጠባል። ሴቶቹ ግን ሌላ ወር ይጠብቃሉ።»

ነዳሁ። አስፋልቱ እስኪገኝ ጎማው የጎረሰውን ሁሉ ወደኔ ተፋ። እሷ ከጀርባዬ ተሸሽጋ ጠብታ አልነካትም፤ ለካ ፓራፋንጎዋ እኔ ሆኛለሁ!

ካርቲየ 7 ቢስ፣ ማኅበሩ የሚሰበሰብበት ቤት ስንደርስ ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ምንም አልቀረውም። ሴቶቹ ተስፋ ቆርጠው ጫማ እያደረጉ ነበር። ዘውዴ የምትባለው በር ላይ አይታኝ አማተበች።

«አባባ፣ እርስዎ ነዎት ወይስ ሐውልትዎ ነው?»

አባ ባረኩ፤ ዳቦው ተቆረሰ፤ ያ ሁሉ ሳቅና ምስር በአንድ ሰዓት ውስጥ አለቀ። ሁሉም በልተው በጊዜያቸው ወጡ። ሲወጡ ዘውዴ ሞተሩን መታ መታ አድርጋ፣ «ጎማ ማለት እንዲህ ነው! እሱ ባይኖር ዛሬ ጦማችንን ነበርን» አለች።

እኔስ ምን አልኩ መሰላችሁ? «አዎ፣ ስመርጠው አስቤበት ነው» አልኩ! ባለቤቴ ጫፉ የተቆለመመ ቢላ በእጇ ይዛ አየችኝ። በሳምንቱ ጉሌድ ዘንድ ሄጄ መካከለኛውን ጎማ አስገባሁ፤ እሱም ፓራፋንጎውን መልሶ ገጠመና ጣቱን ከሥሩ አስገብቶ አሳየኝ።

እነዘውዴ ይህን ካነበባችሁ ይቅርታ አድርጉልኝ። ዳቦውን ያደረሰላችሁ ጎማው አይደለም። ባለቤቴ ወይዘሮ ብርቄ ተሰማ ናት።