የእኔ 144 ኸርዝ እና የኮምፒውተር ክፍሉ ቁልፍ

ወዳጆቼ፣ ዛሬ የተዋረድኩትን ውርደት ከሌላ ሰው አፍ ከምትሰሙት ከእኔው ስሙት። መተማ ዮሐንስ ቀድሞ ሰምቷል፤ ገላባት ያሉት ሱዳኖችም ሳይሰሙ አልቀሩም!

ከስድስት ወር በፊት ከገላባት አንድ ሞኒተር ገዝቼ መጣሁ። ተራ ሞኒተር እንዳይመስላችሁ! በሰከንድ 144 ጊዜ ምስል የሚቀይር፣ ሪፍሬሽ ሬቱ 144 ኸርዝ የሆነ። የናንተው 60 ነው፤ አይዟችሁ።

ከላፕቶፔ ጋር በኤችዲኤምአይ ኬብል ሰካሁትና ፉከራ ጀመርኩ።

"ማውሱን አያችሁት? የሰሊጥ ዘይት የተቀባ አይመስልም?" እላለሁ። መምህራኑ ሁሉ እየመጡ አዩ፤ ሁሉም ልዩነቱ ግልጽ ነው አሉ። አንዱማ ዓይኔ በራልኝ ብሏል።

(የታሪክ አስተማሪ ነኝ። ኮምፒውተር ማን አስተማረህ ካላችሁኝ፣ ራሴ ነኝ። ተማሪውም ጎበዝ ነበር።)

ትምህርት ቤታችን አዲስ የኮምፒውተር ክፍል ሊከፍት ነው። ቁልፉን የሚይዘው ወይ እኔ ነኝ፣ ወይ ዘንድሮ የተመደበችው የአይቲ መምህርት ሄለን። ዛሬ ርዕሰ መምህሩ ሊወስኑ ነበርና፣ በዚያ ሙቀት ሞኒተሬንና ላፕቶፔን ተሸክሜ ቢሯቸው ገባሁ።

ገለጻዬን እንደጨረስኩ ሄለን በትህትና "ጋሼ፣ ሴቲንጉን አንዴ ልክፈተው?" አለች።

ከፈተችው።

60!

ስድስት ወር ሙሉ 60! ዓይኑ የበራለት ሰውዬ አሁን ምን ይበል?

ርዕሰ መምህሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሄለን አልሳቀችም፤ ብትስቅ ይሻለኝ ነበር። የእኔ ላፕቶፕ በኤችዲኤምአይ ከ60 እንደማያልፍ አስረዳችኝና፣ ከሞኒተሩ ጋር 144ን የሚያሳልፍ፣ አንድ ጫፉ ትንሽ፣ ሌላው ትልቅ የሆነ ኬብል አልመጣም ወይ ብላ ጠየቀችኝ።

መጥቷል እንጂ! እኔ ግን የድንበር ሰው ነኝ፤ ካርቶኑን ከገላባት በእግሬ ሳሻግር ጠፍሬ ያሰርኩት በእሱው ነው። እኛ ሰፈር ደግሞ ጠንካራ ገመድ አይጣልም።

አሁን ፍየል ታስሮበታል።

አዎ። እኔ ቤት በ144 ኸርዝ ስትኖር የከረመችው ፍየሏ ነች!

በባጃጅ በረርኩ። ባለቤቴ የፍየሏን አንገት ስፈታ አይታ "አንተ ሰውዬ፣ በምን ላስራት ነው?" አለች። ቀበቶዬን ፈትቼ ሰጠኋት።

በአንድ እጄ ኬብሉን፣ በሌላው ሱሪዬን ይዤ ቢሮው ተመለስኩ። ሄለን ጎማው ላይ ያለውን የጥርስ ምልክት አየችው፤ የፍየሌ ነው አልኳት። ጫፎቹን በሶፍት ጠርጋ ሰካችው፤ ከዝርዝሩ 144ን መረጠች።

ማውሱ! ወገኖቼ፣ የሽንፋ ወንዝ በክረምት እንኳ እንዲያ አይወርድም! ልዩነቱን ገና ዛሬ አየሁት። እንባዬ መጣ፤ ልጥረገው ብል እጄ ሱሪዬ ላይ ነው።

ቁልፉ ለሄለን ተሰጠ። ይገባታል። እሷ ግን በር ላይ ጠብቃኝ፣ "ጋሼ፣ ትርፍ ቁልፉ እርስዎ ጋ ይሁን፤ ፍየሏ ብቻ እንዳትገባብኝ" ብላ እጄ ላይ አኖረችልኝ።

ይኸው ኪሴ ውስጥ ነው፤ በየደቂቃው እየዳሰስኩት ነው። መተማ ውስጥ እውነተኛ 144 ኸርዝ ያለው ሰው ማነው? እኔ ነኝ! በምስክር የተረጋገጠ!

እስቲ አሁን እውነቱን እንነጋገር፦ ሴቲንጉን ሳንከፍት አፋችንን የከፈትን ስንቶቻችን ነን?