ሞገድ፣ ቅጠል ወይስ ቀጥ ያለ መስመር

ሰው ሁሉ በሁለት ይከፈላል፤ ገዝቶ የሚጸጸትና ሳይገዛ የሚጸጸት። ከሁለተኞቹ መካከል ደግሞ ዘውድ የደፉ አሉ። ጫማ ለክተው ለክተው የባለሱቁን ትዕግሥት ይጨርሱና "እግዜር ይስጥልኝ" ብለው ባዶ እጃቸውን ይወጣሉ። እናንተም ታውቋቸዋላችሁ። ምናልባትም አክስታችሁ ናቸው።

የእኔዋ ክብርት ወይዘሮ ቆይ እስቲ ይባላሉ። ማዕረጉን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ፤ ፊት ለፊት ግን "እትዬ" ነው የምላቸው። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የአውቶቡስ ትኬት ሻጭ ነበሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ መንገዱን ለወሰነ ሰው ትኬት ሲቆርጡ ኖረው፣ እሳቸው ራሳቸው የትም አልሄዱም።

ሥራዬ እንዲህ ነው። ሰዎች ቤታቸው ተቀምጠው ከቁርጥራጭ ጨርቅ የገጣጠሙትን ብርድ ልብስ ያመጡልኛል። እኔ ከላይ እሱን፣ መሐል ጥጡን፣ ከታች ገበሩን ደርቤ በትልቁ መኪና እሰፋዋለሁ። ስፌቱ መልክ አለው፤ አንዱ እንደ ሞገድ ይተኛል፣ አንዱ ቅጠል ያወጣል፣ አንዱ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ደንበኛው ግድግዳዬ ላይ ከተሰቀሉት ናሙናዎች አንዱን ይመርጣል። አብዛኛው ሰው "ያንን" ብሎ በጣቱ ይጠቁምና ወደ ጉዳዩ ይሄዳል።

እትዬ ዝናብ በሚያካፋበት አንድ ጠዋት ጥቅላቸውን ታቅፈው ገቡ። ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጉት። የእናታቸው ቤት መጋረጃ፣ የልጅነት ዩኒፎርም፣ የትኬት ቢሮው ሰማያዊ ካፖርት፣ ሁሉም በትንንሹ ተቆርጦ በእጅ ተገጣጥሟል። ከታናሽ እህታቸው ጋር ነው የሠሩት።

"ድሪቶ ነው ካልሽ ጠቅልዬ እሄዳለሁ" አሉኝ ገና ሳልናገር።

"ኧረ በጣም ያምራል እትዬ! ሞገዱን ላድርግልዎት?"

"ሞገድ ያጥወለውላል።"

"ቅጠሉንስ?"

"ቅጠል ይረግፋል።"

"ቀጥ ያለው መስመር ይሁን?"

"የእስር ቤት ፍርግርግ ልታስመስይው ነው? ቆይ እስቲ፣ ነገ በፀሐይ ልየው።"

በማግስቱ ፀሐይ ወጣች። ፀሐይ ደግሞ ቀለም ታታልላለች አሉ። ናሙናዎቼን ከግድግዳ አውርደው መንገድ ላይ ዘርግተው አላፊ አግዳሚውን ጠየቁ። የመድኃኒት ቤቱን ሰውዬ ጠየቁ። መኪናውን ያቆመ ሾፌር አስወርደው ጠየቁ፤ ምስኪኑ ቅጠሉን መረጠላቸውና ለምን እንደመረጠ እስኪያስረዳ ድረስ አለቀቁትም። እኔ ልቸኩል ስል "የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" ይሉኛል። አፍስሼ ብለቅም ኖሮ እስካሁን ጨርሼ ነበር።

በወጣትነታቸው አንድ የባንክ ሠራተኛ ለጋብቻ ጠይቋቸው ነበር አሉ። ምን እንዳሉት መገመት አያቅታችሁም። ሰውየው ጠበቀ፣ ጠበቀ፣ ከዚያ ሌላ አገባ። ከብዙ ዘመን በኋላ የልጅ ልጁን ይዞ ትኬት ሊቆርጥ መስኮታቸው ላይ ብቅ አለና "አሁንም እያሰቡበት ነው?" አላቸው። ይህንን የነገሩኝ ራሳቸው ናቸው፣ እንባቸው እስኪመጣ እየሳቁ።

እንዲህ እያልን ዝናቡ ወደ ብርድ ዞረ። አንድ ቀን ትዕግሥቴ አለቀና "እትዬ፣ ብርድ ልብስ እኮ ነው፣ ትዳር አይደለም!" አልኳቸው።

አልሳቁም። ሻርፓቸውን አስተካክለው ወጡ። በማግስቱም፣ በሳልስቱም ቀሩ። ናሙናዎቹን በፌስታል ይዤ ቤታቸው ሄድኩ።

ደረጃውን ወጥቼ ባንኳኳ "ክፍት ነው፣ ግቢ" የሚል የሰለለ ድምፅ መለሰልኝ። እትዬ መድኃኒት ሊገዙ ወጥተዋል። አልጋው ላይ ታናሽ እህታቸው ነበረች። ዕድሜዋ ከእናቴ አያንስም፤ ግን እትዬ ሁልጊዜ "ሚጡ" እያሉ ስለሚያነሷት በልቤ አንቱ ልላት አልቻልኩም። ካፖርቷን እንደለበሰች ነው የተኛችው። በላይዋ የሳሳ አንሶላ፣ በአንሶላው ላይ ሌላ ካፖርት አለ። የመስኮቱ ስንጥቅ በጨርቅ ተወትፏል፤ ነፋሱ ግን ይገባል።

"ሰፊዋ ነሽ?" አለችኝ።

"አዎ።"

"ብርድ ልብሴ ምን ዋጠው?"

"ስፌቱ አልተመረጠም።"

ሳቀች። ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠና ብዙ ቆየ። ውኃ አቀበልኳት።

"ሐኪሙ ቁርጡን የነገረን ቀን ብርድ ልብሱን ጀምረነው ነበር" አለች ትንፋሿ ሲመለስ። "'እሱን እንጨርሰውና ከዚያ እግዜር የወደደውን ያድርግ' አልኳት። እኔ ለቀልድ ነው። እሷ ቃል አድርጋ ያዘችው። እሱ ካላለቀ እኔም የማልሞት መሰላት።"

የተንሸራተተውን ካፖርት ወደ ትከሻዋ ሳብኩላት።

"ልጄ፣ ይበርደኛል" አለችኝ። "ሞቱን ለምጄዋለሁ። ብርዱን ነው ያልቻልኩት።"

ቀና ስል እትዬ የመድኃኒት ከረጢታቸውን ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል። ሰምተዋል።

"ይበርድሻል እንዴ?"

"ስንቴ ነገርኩሽ እትዬ። 'ቆይ እስቲ፣ መስኮቱን ልወትፈው' ትይኛለሽ።"

ከረጢቱን መሬት ላይ ጣሉት። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው እጃቸውን ወደ አንሶላው ውስጥ ሰደዱና የእህታቸውን እግር ያዙ። እንደያዙት ቆዩ። ፊታቸው እንደ ጭቃ ግድግዳ ሲናድ አየሁ። ከዚያ ፌስታሉን ከእጄ ተቀብለው ናሙናዎቹን አንድ በአንድ እህታቸው ደረት ላይ ደረደሩላት። መንገደኛውን ሁሉ ሲጠይቁ እሷን አልጠየቋትም ነበር።

"አንቺ የትኛውን ትወጃለሽ ሚጡዬ?"

"ሞገዱን።"

"ያጥወለውልሻል።"

"ያጥወልውለኝ። ባሕር ሳላይ ልሞት ነው እኮ።"

የዚያኑ ቀን ሰፋሁት። እትዬ ከመኪናው አጠገብ ቆመው እጃቸውን ከጨርቁ ላይ አላነሱም። አንዱ መስመር አልቆ ሌላው ሲጀመር አፋቸውን ይከፍቱና መልሰው ይዘጉታል። የመጨረሻው ጥግ ላይ ስንደርስ ግን ክንዴን ያዙኝ።

"እዚህች ጋ ትንሽ ሳይሰፋ ይቅር።"

"እትዬ፣ ጥጡ ይወጣል።"

"ትንሽ ነው። የጣት ያህል።"

"ተቀዶ ያልቃል። እሷም ይበርዳታል።"

ክንዴን ለቀቁኝ። ሰፋሁት፤ ክሩንም በጠስኩት። እንዲህ ከብዶኝ የበጠስኩት ክር የለም።

ሚጡ ብርዱን በእሱ ተሸፍና ከረመች። እግሯ ሞቀ። በሽታው ግን ለብርድ ልብስ አይመለስም። አሟሟቷም ቀላል አልነበረም፤ ቀላል ነበር ብዬ አልዋሻችሁም። በቀብሩ ቀን ዘመድ ተሰብስቦ ብርድ ልብሱ አብሯት ይቀበር አይቀበር ሲከራከር እትዬ ብድግ አሉ።

"ሚጡን ከእንግዲህ አይበርዳትም። እኔን ነው የሚበርደኝ" አሉና አጣጥፈው በብብታቸው ያዙት።

አሁን ከሰዓት በኋላ ሱቄ ይመጣሉ። የሚያሰፉት ነገር የላቸውም። ወንበር ስበው ይቀመጡና ደንበኞቼን ያበላሹብኛል። ወስኖ የመጣውን ሰው "እስቲ ያንኛውንም እየው" ብለው ያወላውሉታል። ባለቤቴ "እኚህን ሴትዮ ወይ ቅጠሪያቸው ወይ አሰናብቻቸው" ይለኛል። አንዱንም አላደረግሁም።

በቀደም ጉንፋን ይዟቸው ቀሩ። በሩን በሩን ሳይ የአንዲት ሙሽራ ብርድ ልብስ ላይ ስፌቱ ተጣመመብኝ። ፈታሁት፤ እንደገና ተጣመመ። ሱቁን ዘግቼ ደረጃውን ወጣሁ። ያንን ሞገድ ተከናንበው ከፈቱልኝ።

"ምነው፣ ሥራ የለሽም?" አሉ አፍንጫቸውን እየጠረጉ።

"የለኝም።"

"ውሸታም።"

ገባሁና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። መስኮቱ እንደ ድሮው ነፋስ ያስገባል። አጠገቤ ተቀምጠው የብርድ ልብሱን ጫፍ አነሱና እግሬ ላይ ጣል አደረጉልኝ።