ፈጣሪ ከእኔ በታች ያስቀመጣቸው ሴትዮ

ክፉ ጎረቤት የሌለበት ፎቅ ገና አልተሠራም። አዋቂዎች ፈጣሪ ክፋትን ለምን እንደፈቀደ ሲከራከሩ ዕድሜያቸውን ይፈጃሉ። የእኔ ጥያቄ ያን ያህል ትልቅ አይደለም። ክፋት ይኑር፤ ግን ሌላ ቦታ ጠፍቶ ነው ከእኔ ክፍል በታች የተከራየው?

ክብርት እሜቴ መጥረጊያን ማለቴ ነው። ስሙን ያወጣሁላቸው እኔ ነኝ። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ሚስቴ ከሞተች በኋላ ሱቄን ዘግቼ የስፌት መኪናዬን ቤቴ መስኮት ሥር አስቀመጥኩ። ገና ፔዳሉን ስረግጥ እሜቴ በመጥረጊያ እንጨት ጣራቸውን፣ ማለትም የእኔን ወለል፣ መደብደብ ይጀምራሉ። ያ ካልበቃቸው እያለከለኩ ደረጃውን ይወጡና የመደብደቡ ተራ ለቤቴ በር ይደርሳል።

“አንተ ሰውዬ! ፈጣሪን ምን በድዬው ነው አንተን አናቴ ላይ ያስቀመጠብኝ?”

“እኔም እሱኑ እየጠየቅኩት ነው፣ እትዬ።”

እሳቸው የማይነቅፉት ነገር የለም። ልጆች ደረጃው ላይ ከሳቁ ያባርራሉ። ፀሐይ ስትወጣ “መጋረጃዬን ልታደበዝዝ መጣች” ይላሉ። ዝናቡማ ሆን ብሎ እሳቸውን እየጠበቀ ነው የሚዘንበው።

ሌሎቹ ጎረቤቶቼ ደጋግ ሰዎች ናቸው፤ ከልቤ ነው የምለው። አጠገቤ ያለችው መምህርት በሬ ጋ ስትደርስ በእግሯ ጣቶች ትራመዳለች። ልጆቿንም “ሐዘን ላይ ናቸው፣ እንዳትረብሿቸው” ትላለች። ሁሉም እንዲሁ ስለሚያስቡልኝ ከእነሱ መካከል በሬን የሚያንኳኳ ጠፋ። ማታ ማታ ሁለት ሳህን አወጣና አንዱን እመልሳለሁ። ብቸኝነት ከባድ ነው፤ ሌላ ምን እላለሁ?

ባለፈው ወር ትኩሳት ጣለኝ። ውሃ ለመቅዳት እንኳ መነሳት አቃተኝ። ጠዋት ከውጭ የመምህርቷን ድምፅ ሰማሁ፦ “ቀስ በሉ፣ ዛሬ መኪናቸውም ዝም ብሏል፤ ተኝተው ይሆናል።” ልጣራ ብል ድምፄ እምቢ አለ። ደግ እግሮች ቀስ ብለው አለፉ።

ከሰዓት በኋላ በሬ ሊገነጠል ደረሰ።

“አንተ ሰውዬ! ምን ሆነህ ነው ዝም ያልከው? ከትናንት ጀምሮ ጆሮዬን ጥዬ አንተን ስጠብቅ ሥራ ፈታሁ! ክፈት!”

ግድግዳ ይዤ እንደምንም ከፈትኩ። እሜቴ አንድ ጊዜ አዩኝና መጥረጊያቸውን ጥለው ደገፉኝ። “ሰው ሲታመም አይናገርም? አፍ የለህም?” ውሃ በማንኪያ እያጠጡኝ ትራሴን ሰደቡ፣ ቤቴን ሰደቡ፤ ያስጠሩልኝ ሐኪም ሲመጣም “አሁን ነው የሚመጣው?” ብለው እሱንም ሰደቡት። እጃቸው ግን ግንባሬ ላይ ነበር፣ አላነሱትም።

ሚስቴን ለምን እንደወሰደብኝ ዛሬም ፈጣሪን እጠይቀዋለሁ፤ መልስ አላገኘሁም። ከበታቼ ስላሉት ሴትዮ መጠየቁን ግን ትቻለሁ። አሁን ድኛለሁ። ጠዋት ተነስቼ መኪናዬ ላይ እቀመጥና የሚሰፋ ባይኖረኝም ፔዳሉን እረግጣለሁ። ከዚያ ጆሮዬን ወደ ወለሉ አዘነብላለሁ። መጥረጊያው ከዘገየብኝ፣ ጠንከር አድርጌ እረግጣለሁ።