ቮልሷና የሰርክ ደወል

ሰው ሁሉ ስለ መዘግየት ያማል። እገሌ አረፈደ፣ እገሊት ዘገየች ይባላል። ቀደመ ተብሎ የታማ ሰው ግን ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አልሰማሁም። ይሁን እንጂ ዕድሜዬን የፈጀሁት በሞተር ሆድ ውስጥ ነውና አንድ ነገር ልንገራችሁ። የዘገየ ሞተር ይሰንፋል፤ ካለልኩ የቀደመ ሞተር ግን ራሱን ይሰብራል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቤንዚን የሚቀጣጠለው በካንዴላ ብልጭታ ነው። እሳት ደግሞ እንደ ወሬ አይደለም፤ ለመንደድ ጥቂት ጊዜ ይፈልጋል። ስለዚህ ብልጭታዋ፣ ላይ ታች የሚመላለሰው ፒስተን ጫፍ ከመድረሱ ቀደም ብላ መምጣት አለባት። ምን ያህል ቀደም? ሜዳ ላይ፣ ሸክም ሲቀል፣ ደህና አድርጋ ትቅደም። ዳገት ላይ፣ ሸክም ሲከብድ፣ ረጋ ትበል፤ ጨርሳ ግን አትዘግይ። ይህን እያመዛዘነ የሚያስቀድማትና የሚያዘገያት ሞተሩ አየር ሲምግ የሚፈጠረው ስበት ነው። ስበቱ ከካርቡራተሩ ተነሥቶ ብልጭታዋን ለካንዴላዎቹ ወደሚያድለው ዲስትሪቢዩተር የሚደርሰው ከእርሳስ በማትወፍር ቱቦ ነው። የማያውቅ ሰው ቢያያት ለጌጥ የተቀመጠች ትመስለዋለች።

ይህን ያስተማረኝ አያ አየነው የሚባል መካኒክ ነው። አንድ ጊዜ በአፉ ይነግራል፤ ሁለተኛው በመፍቻ ነው። ያልገባኝን ስጠይቅ «ስነግርህ የት ነበርህ?» ይለኛል። የት እንደነበርሁ አሳምሮ ያውቃል፤ ውሃ ልቀዳ የላከኝ እሱው ነው። ስለዚያ ዘመን ብዙ አላወራም። እጄን ያየ ይበቃዋል።

ጋራዤ ወዳለበት ወደ ወረታ ልመለስ። ፎገራን ታውቁታላችሁ፤ ክረምት ከገባ ሩዙም ከብቱም ሰዉም ውሃ ውስጥ ይውላል። በዚህ ሜዳ ውሃ የማትጠጣ አንዲት ፍጥረት ብትኖር የመሪጌታ ጥበቡ ቮልስ ናት፤ ሞተሯ የሚቀዘቅዘው በነፋስ ነው። መሪጌታ የቁሐር ሚካኤል የዜማ መምህር ናቸው። ቮልሷን ያወረሷቸው ድሬሰር የነበሩት ወንድማቸው ናቸው። ሲነዱ በመስኮቱ የሚታየው ጥምጥማቸው ብቻ ስለሆነ፣ ከሩቅ ላየው ጥምጥም መሪ የጨበጠ ይመስላል።

ኅዳር ሚካኤል ሲቃረብ ጋራዤ መጡ። ፊታቸው ጠቁሯል። ወደ ደብረ ታቦር የሚወስደው ዳገት ካለቀ በኋላ ባለች አንዲት ደብር፣ ድጓ ያስተማሯቸው የኔታ ይኖራሉ። ዕድሜያቸው ገፍቷል፣ ወገባቸውም ተጎድቷል፤ በሚኒባስ ተጨናንቀው መምጣት አይሆንላቸውም። «ሳልሞት የቁሐርን ማኅሌት ልስማ» ብለው ላኩ። መሪጌታም ራሴ መጥቼ አመጣዎታለሁ ብለው ቃል ገቡ። ቮልሷ ግን ዳገቱን ከእኩል በላይ አልወጣም ብላ በተደጋጋሚ መለሰቻቸው።

ከጋራዤ ፊት ለፊት ጎማ የሚለጥፈው ስጦታው ሰው ሳይነካ አይውልም።

«መሪጌታ፣ ቮልሷ ሱባኤ ገባች እንዴ?»

«ሱባኤ የገባስ ይወጣል። አንተ ጎማህን ለጥፍ» አሉት።

ወደ እኔ ዞረው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ዘንድሮ ካላመጣኋቸው ለከርሞ አላገኛቸውም። ክረምት ላይ ያስተካከልሃት ጊዜ እኮ እንደ ወፍ ነበር የምትበር። እኔም ያሳየኸኝን አንድም ቀን አላጓደልሁም።»

ምን እንዳሳየኋቸው አልጠየቅሁም። እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው መኪናዋን ነው። የኋላ ኮፈኑን ከፍቼ የዚያችን ቱቦ አንድ ጫፍ ነቀልሁና በአፌ ሳብሁ። ደህና ብትሆን ዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ አንዲት ሳህን ጠቅ ትል ነበር። ጠቅታ የለም። ደግሜ ሳብሁ። አሁንም ጠቅታ የለም፤ አፌን ግን ቤተ ክርስቲያን ቤተ ክርስቲያን አለኝ።

የጧፍ ሰም ነው።

«መሪጌታ፣ ይህን ማን ከተተው?»

«እኔ ነኛ» አሉ ኮራ ብለው። «ቅዳሜ ቅዳሜ እደፍናታለሁ። አንተ የደፈንህ በክብሪት እንጨት ነበር፤ እኔ ጧፍ ይሻላል ብዬ ነው።»

ያን ጊዜ ነገሩ ተገለጠልኝ። ሞተሩ እየሠራ ታይሚንግ፣ ማለት የብልጭታዋ ሰዓት፣ ሲስተካከል፣ ስበቱ የመዘውሩን ምልክት እንዳያዛባ ቱቦዋ ተነቅላ አፏ ይደፈናል። ዲስትሪቢዩተሩ ዞሮ ልኩን ሲያገኝ ድፍኑ ይወጣና ቱቦዋ ወደ ቦታዋ ትመለሳለች። እንደተደፈነች ከቀረች ግን ብልጭታዋ ካለልኩ ትዘገያለች፤ ሞተሩም ዳገት ላይ ይሰንፋል። ክረምት ላይ መሪጌታ አጠገቤ ቆመው ይከታተሉ ነበር። ልክ ስደፍናት የሰርክ ደወል ተደወለ፤ ነጠላቸውን አጣፍተው ሄዱ። ሲመለሱ ኮፈኑ ተዘግቷል፣ ሞተሩም ያዜማል። የዜማ ሰው ደግሞ ከመምህሩ ያየውን ሳያጎድል ይይዛል። እሳቸውም ያዩትን ያዙ። ያላዩትን ከየት ያምጡት?

እኔ አልሳቅሁም። ስጦታው የሁለታችንንም ድርሻ ሳቀ።

ሰሙ በሞተሩ ሙቀት እየቀለጠ ወደ ውስጥ ዘልቆ ስለነበር አዲስ ቱቦ ቆረጥሁ። ሳብሁ፤ ጠቅ አለች። ታይሚንጉንም በመብራት አየሁት፤ ጥቂት ዘግይቷል። ዲስትሪቢዩተሩን የፀጉር ያህል አዞርሁና ምልክቱ ከመስመሩ ገጠመ። ቱቦዋን መለስሁ፤ ይህን ጊዜ መሪጌታ ሲያዩ ነው።

«አብረኸኝ ካልመጣህ አልሄድም» አሉኝ። በማግስቱ ሄድን። ቮልሷ እምቢ ትል የነበረበት ቦታ ስንደርስ መሪጌታ መሪውን ጨብጠው መልክአ ሚካኤል ጀመሩ። እኔ ግን የሞተሩን ድምፅ ነበር የማዳምጠው። ሳይንኳኳ፣ ሳይንቋቋ፣ በሁለተኛ ማርሽ ዳገቱን ወጣው።

ስንመለስ የኔታ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ታጥፌ ተቀመጥን። መኪናዋ ምን ሆና እንደነበር ጠየቁ። መሪጌታ ሳይደብቁ ነገሯቸው።

«ድጓ ሲማርም እንዲሁ ነበር ይኸ ልጅ» አሉኝ የኔታ ወደ ኋላ ዞር ብለው። ልጁ ሽበታም ነው። «ደወል ከሰማ ከመሐል ተነሥቶ ይሮጣል፤ ማሰሪያው ይቀረዋል።»

«ምን ያደርጓቸው ነበር ታዲያ?» አልሁ። ትምህርት በመፍቻ የገባኝ ሰው ሌላ ምን ይጠይቃል?

«ምን አደርገዋለሁ? እስኪመለስ እጠብቀዋለሁ እንጂ።»

እስከ ወረታ ድረስ እጄን እያየሁ ሄድሁ።

የኔታ ማኅሌቱን ወንበር ላይ ተቀምጠው ሰሙ። ደስ ብሏቸው ተመለሱ።

ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን መሪጌታ ቮልሷን ለታይሚንግ ይዘው መጡ። ቱቦዋን ነቅዬ አፏን በክብሪት እንጨት ስደፍን ደወሉ ተሰማ። አንድ እጃቸውን ነጠላቸው ላይ እንዳደረጉ ዓይን ዓይኔን አዩኝ።

«ይሂዱ» አልኋቸው።

ሞተሩን አጠፋሁና ቱቦዋን እንደተደፈነች ትቼ በርጩማዬ ላይ ተቀመጥሁ። ስጦታው ከማዶ ሆኖ «ምነው፣ ሥራ ፈታህ?» አለኝ። «እስኪመለሱ ነው» አልሁት።

ጸሎቱ ደግሞ የዚያን ዕለት ረዘመ።