ከፍራሽ ወደ መብረቅ፦ የክለባችን ስም የተለወጠበት ስብሰባ

ቀን፦ የውድድር ዘመኑ ሊከፈት ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ።

ቦታ፦ የክለቡ ጽሕፈት ቤት፣ ማለትም መልበሻ ክፍሉ፣ እርጥብ ካልሲ ያልተሰጣበት አግዳሚ ወንበር ላይ።

የተገኙ፦ ሰብሳቢው (የመንጃ ፈቃድ ማሠልጠኛ ባለቤት)፣ ፀጉር አስተካካዩ (የደጋፊዎች ተወካይ)፣ የማሊያ ኃላፊዋ (ልብስ ሰፊ)፣ አባባ በረኛ (የክለቡ መሥራችና የመጀመሪያው በረኛ፣ ጡረታ የወጡ ፍራሽ ሠሪ) እና በቀረሁበት ስብሰባ ጸሐፊ ሆኜ የተመረጥኩት እኔ።

ያልተገኙ፦ ሐኪሙ በፈቃድ፤ ገንዘብ ያዡ በልማድ።

ምልዓተ ጉባኤው መሟላቱ ተረጋግጧል። ሰብሳቢው ስለ ሰዓት አክባሪነት ሰፊ ንግግር በማድረጋቸው ስብሰባው ዘግይቶ ተጀመረ።

አጀንዳ አንድ፦ የክለቡን ስም ስለመቀየር

ሰብሳቢው "ፍራሽ" የሚለው ስም ወደ ፕሮፌሽናል ሊግ ካደግን ወዲህ መሳቂያ እንዳደረገን አስረዱ። የተጋጣሚ ደጋፊዎች ገና ሜዳ ስንገባ "ነጋ፣ ተነሱ" እያሉ እንደሚዘፍኑ፣ አንዱማ ትራስ ይዞ እንደመጣ ገለጹ። የማሊያ ኃላፊዋ ሰብሳቢው አሁን የተቀመጡበት ያው ትራስ መሆኑን ጠቁመዋል።

አባባ በረኛ ታሪኩ ይመዝገብልኝ ስላሉ ተመዝግቧል። ክለቡን የመሠረቱት የፍራሽ ፋብሪካ ሠራተኞች ናቸው፤ በምሳ ሰዓት ግቢው ውስጥ ይጫወቱ ነበር። የግቡ ቋሚዎች ሁለት የተጠቀለሉ ፍራሾች ነበሩ። የመጀመሪያው ማሊያ ከፍራሽ ጨርቅ ስለተሰፋ ሰማያዊ መስመር ኖረው፤ ዛሬም አለው። ስሙን ያወጣው ታናሽ ወንድማቸው ነው። "ወንድሜ ልጅም ቤትም ሳይተው ነው የሞተው። ያወጣው ስም ሲጠራ ግን ያለ ይመስለኛል። እሱን እንኳ አትንኩብኝ" ብለዋል።  ከዚያ ሰብሳቢው ስሜትና አጀንዳ እንዳይደባለቁ አሳሰቡ።

ፀጉር አስተካካዩ "ነብር" እንባል አሉ። የማሊያ ኃላፊዋ ተጫዋቾቹን ልጆች ላብ የነካውን ማሊያቸውን እያጠቡ ስለሚያውቋቸው፣ በመካከላቸው ነብር እንደሌለ መሰከሩ። ፀጉር አስተካካዩ ተቀይመው "ስምን መልአክ ያወጣዋል" ቢሉ፣ ሰብሳቢው መልአኩ የኮሚቴው አባል አለመሆኑን ጠቅሰው "መብረቅ" የሚል ሐሳብ አቀረቡ።

ከረጅም ውይይት በኋላ በሁለት ድጋፍ፣ በአንድ ተቃውሞና በአንድ "ፊደሉን የምሰፋው እኔ ነኝ፣ ተዉኝ" ክለቡ "መብረቅ" እንዲባል ተወሰነ። የእኔ እጅ ብዕር ስለያዘ አልተቆጠረም።

አጀንዳ ሁለት፦ ስሙን ስለመሞከር

አባባ በረኛ ሰው ሳይተኛበት ከፋብሪካ የሚወጣ ፍራሽ እንዳልነበረ አስታውሰው፣ ስሙም ይሞከር አሉ። ሰብሳቢው "ምን ገዶኝ" ብለው ትራሳቸውን እንዳቀፉ ወጡ። ልጆቹ ከጎረቤት ቡድን ጋር የልምምድ ጨዋታ ላይ ነበሩ።

ሰብሳቢው ከሜዳው ዳር "መብረቅ!" ብለው ተጣሩ። ዞሮ ያየ የለም። ፀጉር አስተካካዩ አገዟቸው። ግራ ተመላላሹ ሰማዩን አየ፤ የማሊያ ኃላፊዋ ውጭ የተሰጣ ልብስ እንዳላቸው ትዝ አላቸው።

በዚህ መሐል የተቃራኒው አጥቂ ብቻውን ወደ ግባችን ገሰገሰ። ሰብሳቢው ትራሱን ወርውረው "ኧረ ፍራሽ! በናታችሁ ፍራሽ፣ ያዙት!" ሲሉ ተሰሙ። ልጆቹ በሙሉ ወደ ኋላ ሮጡ፤ ኳሷም ከግቡ መስመር ላይ ተመልሳ ወጣች። ሰብሳቢው ይህ እንዳይመዘገብ አመልክተዋል። ማመልከታቸው ተመዝግቧል።

አባባ በረኛ ትራሱን አንስተው፣ አራግፈው መለሱላቸው።

አጀንዳ ሦስት፦ ስለ ሻወሩ ብልሽት

እንደወትሮው ተላልፏል።

ማጠቃለያ፦ ከአጭር ውይይት በኋላ፣ ዛሬ የተወሰነው ሁሉ እንዳልተወሰነ እንዲቆጠር በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ሐሳቡን ያቀረቡት ሰብሳቢው ናቸው፤ ወደ መሬት እያዩ ነው ያቀረቡት።

ስብሰባው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተበተነ። አባባ በረኛ ግን ልጆቹ ገና ይጫወቱ ስለነበር ከሜዳው ዳር አልተነሱም። መሸ፣ ላድርስዎት ብላቸው "ቆይ ልጄ፣ ያንን ስም ደግመው ይጠሩታል" አሉኝ።